ለዚያች መኪና የማይሆን ቤንዚን

ጠሃ ሁዜይፋን የማያውቅ ባለ ሞተር በመካነ ሰላም የለም። ማደያው ውስጥ ከሁለተኛው ማሽን አጠገብ፣ ቀለሙ የለቀቀ ሰማያዊ ቱታ ለብሶ፣ አንድ እግሩን ከፍ ያለው ሲሚንቶ ላይ አሳርፎ የሚቆመው ሰውዬ እሱ ነው። እግሩን የሚያሳርፈው ጉልበቱ ስለሚጠዘጥዘው ነው። ብዙ አይናገርም። ቤንዚን ካለ «ቅረብ» ይላል፤ ከሌለ «የለም» ይላል። በነዚህ ሁለት ሦስት ዓመታት «የለም» ያለበት ቀን «ቅረብ» ካለበት ሳይበልጥ አይቀርም።

እኔ ከከተማው ወጣ ያለ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ መመላለሻዬ አንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ናት። ስለዚህ ከባለቤቴ ቀጥሎ ፊቱን ብዙ ሰዓት ያየሁት ሰው ጠሃ ይመስለኛል። ታሪኩንም የሰማሁት እዚያው ሰልፍ ላይ ነው፤ ዛሬ ትንሽ፣ በሌላ ሳምንት ደግሞ ትንሽ።

አባቱ ሸህ ሁዜይፋ ልጆችን ቁርኣን የሚያስቀሩ መምህር ነበሩ። ታላቅ ወንድሙ እግራቸውን ተከትሎ አስቀሪ ሲሆን ጠሃ ግን ከደረሳው፣ ከተማሪዎቹ መሀል እየተነሳ ይጠፋ ነበር። «መቅራቱ አልከበደኝም፤ መቀመጡ ነው ያቃተኝ» ይላል። «አሁን ቢሆን ወላሂ ቀኑን ሙሉ በተቀመጥኩ።»

ጢሙ በቅጡ ሳይበቅል በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በየመን በኩል ሳዑዲ ገባ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ማውራት አይወድም። በኋላ ከጅዳ ወጣ ብሎ አውራ ጎዳና ላይ ባለ ማደያ ቀጂ ሆነ፤ ጉልምስናውንም እዚያው ጨረሰ።

እዚያ ቤንዚኑ ሁለት ዓይነት ነበር። አረንጓዴው ማሽን ዘጠና አንድ፣ ቀዩ ዘጠና አምስት የሚል ቁጥር ተጽፎበታል። ታክሲው፣ ፒክ አፑ፣ የቤት መኪናው ሁሉ አረንጓዴውን ይቀዳል። ቀዩን የሚሉት እነዚያ መሬት ለመሬት የሚሄዱት፣ ከመታየታቸው በፊት ድምፃቸው የሚሰማው የሀብታም ልጆች መኪኖች ነበሩ። የማደያው አለቃ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነበር። ጠሃ አንድ ቀን የቁጥሩን ነገር ቢጠይቀው ሁለት መዳፉን ግጥም አድርጎ እየተጫነ አሳየው።

«ሞተር ቤንዚኑን ከአየር ጋር ቀላቅሎ እንዲህ ይጨምቀዋል። ኃይለኛው ሞተር ደግሞ አብዝቶ ይጨምቀዋል። ቤንዚኑ ደካማ ከሆነ ካንዴላው እሳት ሳይሰጠው በፊት መታፈኑን አልችል ብሎ በራሱ ጊዜ ይቀጣጠላል። ያኔ ፒስተኑን በመዶሻ እንደመምታት ነው። ቁጥሩ ከፍ ያለው ይታገሣል፤ ተራው እስኪደርስ አይነድም።»

ከዚያ በኋላ የጠሃ ጆሮ ያን ምት መለየት ለመደ። አንዳንዱ ወጣት ቀዩ ተወደደብኝ ብሎ አረንጓዴውን ያስቀዳና ሲመለስ ሞተሩ ቆርቆሮ ውስጥ እንዳለ ጠጠር ይንቋቋል።

አንድ ክረምት ፖሊስ ወረቀት የሌላቸውን ሲለቅም ጠሃም ከነቱታው ተያዘ። በአውሮፕላን ተጭኖ አዲስ አበባ ወረደ፤ በሚኒባስ አገሩ ገባ። የለበሰው የሥራ ልብሱን ነበር። ከዚያ ፈዲላን አገባ፣ ጁማና የምትባል ልጅ ወለዱ። ከተማው ውስጥ ማደያ ሲከፈት ሄዶ ሥራውን እችላለሁ አለ።

«ስንት ዓይነት ቤንዚን ነው የምትሸጡት ብዬ ጠየቅኳቸው» አለኝ አንድ ቀን። «ሳቁብኝ። ቤንዚን ቤንዚን ነው አሉኝ። እኔም ሳቅኩ። ለባጃጅና ላንተ ሞተር ምን ቸገራቸው።»

እንዲህ እየቀዳ ዓመታት ሄዱ። ቤንዚኑ እየጠፋ፣ ሰልፉ እየረዘመ፣ ሰው እየተቆጣ መጣ። ቦቴው ሲመጣ ሰዉ ይጮህበታል፤ ሳይመጣ ሲቀርም ይጮህበታል። ክፍያው በስልክ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሰደበው እሱ ነው። ፈዲላ ተው እያለችው ነው። «ሱቅ ቢጤ እንክፈት፣ ቁጭ ብለህ ሽጥ» ትለዋለች። እሱ «እስቲ ይሄ ወር ይለፍ» ይላል፤ ወሩም ያልፋል።

አሁን የምነግራችሁ ባለፈው ግንቦት የሆነውን ነው። ከሳምንት በላይ ቤንዚን ጠፍቶ ሰንብቶ ቦቴ ገባ ተባለ። ሰልፉ ከማደያው ጀምሮ እስከ መናኸሪያው ተዘረጋ። እኔ ከማለዳ ጀምሮ ቆሜ ወደ ፊት ተጠግቻለሁ። ቦቴው ጓሮ ቆሞ ወደ መሬቱ ታንከር እየገለበጠ ነው። ሾፌሩ አለኸኝ የሚባል ወፍራም ሰው፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ ዳቦውን በውሃ እያወራረደ ይበላል።

ከከላላ በኩል አንድ ድምፅ መጣ። የሰልፉ ሰው ሁሉ አንገቱን አዞረ። ዝቅ ያለች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ግራጫ የስፖርት መኪና ናት። እስከ መስኮቷ ጭቃ በጭቃ ሆናለች። የፊት መከላከያዋ ድንጋይ መትቶት በገመድ ታስሯል። እንዲህ ያለ መኪና ከተማችን ገብቶ አያውቅም። ሰው ሰልፉን ጥሎ ከበባት፤ ስልክ ወጣ፣ ፎቶ ተነሣ። ወደ ማሽኑ ስትጠጋ ግን «ተራ! ተራ! ሀብታም ስለሆነ ነው?» የሚል ጩኸት ተነሣ።

ከውስጥ የወጣው ሰው ሀብታም አይመስልም። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ የሸሚዙ ክሳድ ጠቁሯል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ጠሃ ሰውየውን አላየውም። ጆሮውን ወደ መኪናዋ አዘንብሎ ቆመ።

«አጥፋው» አለ።

«ምኑን?»

«ሞተሩን። እየተመታ ነው፣ አይሰማህም?»

ሰውየው እጁን ሰዶ አጠፋው። «ይሰማኛል ጋሼ» አለ። «ከደጎሎ ጀምሮ እሱን ብቻ ነው የምሰማው።» ከዚያ የቤንዚን መክፈቻዋን ከፈተ። ከክዳኑ ውስጥ በኩል ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል፤ ከዘጠና አምስት ኦክቴን በታች እንዳይቀዳባት ይላል።

«እዚህ ያለው አንድ ነው» አለ ጠሃ።

«ቁጥሩ ስንት ይሆናል?»

«ቁጥሩን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ግን ይኸኛው አይደለም።»

ሰውየው የኋላሸት ይባላል። አገሩ ከላላ አጠገብ ነው፤ አዲስ አበባ ለአንድ ነጋዴ ሾፌር ሆኖ ብዙ ዓመት ሠርቷል። መኪናዋ የአለቃው ናት። አለቃው ቤንዚኑ ላይ የሚጨመር፣ ኦክቴኑን፣ ያን ቁጥር፣ ከፍ የሚያደርግ ፈሳሽ በትናንሽ ጠርሙስ ከውጭ ያስመጣል፤ የኋላሸት በሞላ ቁጥር አንድ ጠርሙስ ያንቆረቁርባታል። እናቱ እማማ ይርገዱ በጠና ታመው መካነ ሰላም ሆስፒታል ገብተዋል የሚል ስልክ ሲደርሰው አለቃው ውጭ አገር ነበር። የቤቱ ሌላ መኪና ጋራዥ ገብቷል። የነበረችው እሷ ናት፤ ይዟት ወጣ። አንድ የቀረችውን ጠርሙስ ዓለም ከተማ ጨመረባት። ደጎሎ ላይ ከጀሪካን የገዛውን ሲቀዳባት መምታት ጀመረች፤ አንድ ቢጫ መብራትም በራ፤ ጉልበቷም ወረደ።

«ኮምፒዩተሯ ነው ሞተሩን ለማዳን ጉልበቷን የቀነሰው» አለው ጠሃ። «እናትህስ?»

«አጠገቧ ያሉት ደወሉልኝ፤ ወደ ደሴ ሪፈር ተጽፎላታል። አንጀቷ ታጥፏል፣ ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን ካልሆነች ነው ያሉት። አምቡላንሷ ምጥ የያዛት ሴት ይዛ ወጥታለች፣ መቼ እንደምትመለስ አይታወቅም። ሚኒባስ አስጠየቅኩ፤ ሁሉም እዚህ ሰልፍ ላይ ናቸው። መንገዱ ደግሞ ሳይመሽ ይዘጋል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቅዳልኝ ጋሼ። መቀመጫውን ወደ ኋላ አስተኝቼ እወስዳታለሁ። ሞተሩ ቢሄድም ይሂድ። ዕድሜ ልኬን ብሠራ አልከፍለውም፣ ግን ይሂድ።»

ጠሃ የማሽኑን እጀታ ይዞ ነበር። በኋላ እንዳጫወተኝ ከሆነ ያን ጊዜ ቀድቶ መሸኘት ሽቶ ነበር። ከኋላ ሰው ይጮሃል፣ ጉልበቱ ይነድዳል፣ የንጋቱን ሱብሒ ከሰገደ ጀምሮ ከውሃ በቀር የቀመሰው የለም። መቅዳት ሥራው ነው። ሲቀዳ የተጠየቀውን አድርጓል፤ ሌላው የባለ መኪናው ጉዳይ ነው።

እጀታውን ሰቀለው።

«ስማኝ» አለው። «ብቀዳልህ ትነሣለች። ሜዳው ላይ በዝግታ ትሄድልህ ይሆናል። ደጋ ላይ ተራ መኪና በዚህ ቤንዚን ምንም አይሆንም፤ አየሩ ስስ ነው፣ ብዙ አይጨመቅም። ያንተዋ ግን ቱርቦ አላት፤ አየሩን እየጎተተች ትሞላለች። እስከ አቀስታ ያለውን ዳገት ታውቀዋለህ። እዚያ ላይ እየተመታች ትወጣለች፤ ፒስተኗ ከተበሳ እዚያው ነው የምትቆመው። እኔን ያሰጋኝ ሞተሩ አይደለም። እናትህን ይዘህ በዚያ ብርድ፣ ስልክ በማይሠራበት ቦታ ብትቆም ነው።»

የኋላሸት፣ ጠሃ እግሩን በሚያሳርፍበት ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ይጮህ የነበረው ሰው ነገሩ ሲገባው ቀስ በቀስ ዝም አለ።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለ የኋላሸት።

ጠሃ ወደ ጓሮው ተመለከተ። ቦቴው ገልብጦ ጨርሷል፤ አለኸኝ ቱቦውን እየጠቀለለ ነው። ጠሃ እያነከሰ ሄደ። እኔም ሞተሬን አቁሜ ተከተልኩት።

«አለኸኝ፣ ወደ የት ነህ?»

«ወደ ኮምቦልቻ፤ በደሴ ነኛ። ምነው?»

«የታመመች እናት አለች። ካቢንህ ውስጥ መኝታ አለህ አይደል?»

አለኸኝ ቱቦውን ጣለው። «ጠሃ፣ ቦቴ ላይ ሰው አይጫንም። አንተ ታውቃለህ።»

«ባዶህን አይደለህ?»

«የሚያስፈራው ባዶው ነው እኮ! ሙሉው መቼ አስፈራኝ። ውስጡ የቀረው ትነት ነው የሚፈነዳው። አንድ ሰው ክብሪት ቢጭር…»

«የምትተኛው ካቢኑ ውስጥ ነው፣ ታንኩ ውስጥ አይደለም። ልጇም አያጨስም። ሚኒባስ ላይ መቀመጫ እንጂ መተኛ የለም፤ ታጥፋ መቀመጥ አትችልም።»

«ቢይዙኝስ? ሥራዬ ነው እኮ።»

«ቢይዙህ ጠሃ ለመነኝ በል» አለው ጠሃ። ድምፁ ውስጥ ልመና አልነበረም፤ ድካም ብቻ ነበር። «እኔ ሌላ መላ አጣሁ፣ አለኸኝ። አንተ ካለህ ንገረኝ።»

አለኸኝ ካቢኑ ውስጥ ገባ። ጥሎን ሊሄድ ነው ስንል ብርድ ልብሱን አውጥቶ በአየር ላይ ያራግፍ ጀመር።

ጠሃ ማሽኑን ምስክር ለምትባል የሥራ ባልደረባው ተወላት። «ወዴት ነው?» ብላ ጮኸች። «ይሄን ሁሉ ሰው ብቻዬን ልቻለው?» ቦቴው ሆስፒታሉ በር ድረስ መግባት ስላልቻለ ዋናው መንገድ ላይ ቆመ። እማማ ይርገዱን በቃሬዛ ተሸክመን አወረድናቸው፤ የኋላሸትና ጠሃ ከፊት፣ እኔና አንድ የባጃጅ ሾፌር ከኋላ። ሴትዮዋ ቀላል ነበሩ፤ ያም ሆኖ ጠሃ ቁልቁለቷ ላይ ሁለት ጊዜ አሳርፎናል። ካቢኑ ከፍ ያለ ነው። ስናነሣቸው አንድ ጊዜ ብቻ ጮኹ። መኝታው ላይ ሲጋደሙ አፍንጫቸውን ጨመደዱ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ቤንዚን ነው እማማ» አላቸው ጠሃ። «የሚነድ የለም፣ አይሥጉ።»

«ልጄ ያመጣት መኪናስ?»

«እሷ ደክሟታል።»

«እኔም» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ሳይገልጡት «አንተም አብሽር፣ አላህ ያቆይህ» አሉት። እሳቸው የማርያም ሰው ናቸው፤ ግን ጠሃን በሚያውቀው ቋንቋ መረቁት።

የኋላሸት የመኪናዋን ቁልፍ ጠሃ እጅ ላይ አስቀመጠና ከእናቱ እግር ሥር ገባ። ቦቴው ሄደ። ወደ ማደያው ስንመለስ ሰልፌን ሌላ ሰው ይዞታል። ጠሃ አይቶ አላየም፤ መቅዳቱን ቀጠለ። ሳይደርሰኝ ቤንዚኑ አለቀ። «የለም» አለኝ፤ ሞተሬን እየገፋሁ ቤቴ ገባሁ።

መኪናዋን ገፍተው ጓሮ አስገቧት። ጠሃ ላይ ሌላ ሥራ ተጨመረ። ልጆች መስተዋቷን እንዳይነኩ፣ ጎረምሶች ጣሪያዋ ላይ ተቀምጠው ፎቶ እንዳይነሡ፣ ዶሮ እንዳይወጣባት ሲከለክል ይውላል። ጆንያ ገጣጥሞ አለበሳት። ፈዲላ ምሳ ስታመጣለት ይህን አይታ ሳህኑን በኃይል አስቀመጠችው።

«ደግሞ የሰው መኪና ዘበኛ ሆንክ? አንተን ራስህን የሚጠብቅህ ጠፍቶ!»

«አደራ ነው» አላት።

«አደራው የጉልበትህን ነገር ያውቃል?»

«አያውቅም» አለና ምሳውን በላ።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን የጠሃ ስልክ ጮኸ። የመኪናዋ ባለቤት ነው። ሰውየው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያወራ ጠሃ ፈርቶ ስልኩን ከጆሮው አራቀ፤ ከምስክር ጋር የቆምነው ሁላችንም ሰማን።

«መኪናዬ አንተ ጋ ናት አሉኝ። ምን ቀዳችሁባት?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ጌታዬ፣ ለሷ የሚሆን የለንም። ስለዚህ አልቀዳሁባትም። ሾፌርዎ ደጎሎ ላይ የቀዳው ነው ያለው። እሱንም ብታስወጡት ጥሩ ነው።»

«ሌላ ቢሆን ቀድቶ ሸኝቶት ነበር» አለ ሰውየው።

«እኔም ልቀዳለት ነበር።»

«እናትየውስ?»

«ከኦፕራሲዮን ወጥተዋል። ውሃ ጀምረዋል ብሎኛል።»

«እሺ» አለና ዘጋው።

በሳምንቱ አንድ ጭነት መኪና መጣ፤ የስፖርት መኪናዋን ጀርባው ላይ አስሮ ይዟት ሄደ። የኋላሸት ከሥራው ተባረረ። አለቃው የመከላከያዋን ነገር አልጠየቀውም፤ ግን ሳትነግረኝ ወስደሃልና አትመለስ አለው። የኋላሸት ለጠሃ ከደሴ ደውሎ ይህን ሲነግረው አልተከራከርኩም አለው። «እውነቱን ነው። ሳልነግረው ነው የወሰድኳት።» ጠሃ «አብሽር» አለው። የኋላሸት ማደያው ውስጥ ሥራ ይኖር እንደሆነ ጠየቀው። «እዚህ ሥራው አይደለም የጠፋው፣ ቤንዚኑ ነው» አለው ጠሃ።

እማማ ይርገዱ ደሴ ብዙ ሰነበቱ። ቁስሉ አመርቅዞ ነበር፤ ልጃቸው ሆስፒታል ወለል ላይ ካርቶን አንጥፎ እየተኛ አስታመማቸው። ወደ አገራቸው የተመለሱት ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። የተሳፈሩበት ሚኒባስ ከላላ ከመግባቱ በፊት እዚህ ማደያ ጎራ አለ።

ያን ቀን ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ቦቴ ሌሊቱን ገብቶ ጠሃ ሲቀዳ አድሮ ሲቀዳ አርፍዷል። ሰልፉ ሳሳ ሲል ግድግዳውን ተደግፎ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለ፤ ቁጭ እንዳለም እንቅልፍ ጣለው። አፉ ተከፍቷል፣ ኮፍያው ጭኑ ላይ ወድቋል፣ እጁ ውስጥ ማሽኑን የሚወለውልበት ጨርቅ አለ።

የኋላሸት እናቱን ደግፎ ከሚኒባሱ አወረዳቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሆዳቸውን በአንድ እጃቸው ደግፈው ወደ ምስክር ቀረቡ።

«ያ ሰውዬ የትኛው ነው?» አሏት።

ምስክር በአገጯ አሳየቻቸው። «ልቀስቅሰው እማማ?»

ሴትዮዋ ጠሃን ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። የኋላሸት «እናመስግነው እንጂ» ብሎ አንድ እርምጃ ሲራመድ እጁን ያዙት።

«ተወው» አሉ። «ይተኛ።»

ሚኒባሱ እስኪቀዳ ድረስ ከሱ አጠገብ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሾፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ተነሡና ሄዱ። ጥሩምባው ጠሃን ቀሰቀሰው። ምስክር ማን መጥቶ እንደነበር ስትነግረው ወደ መንገዱ አየ፤ ሚኒባሱ ኩርባውን ዞሯል።

«ይራመዳሉ?» ሲል ጠየቃት።

«በልጃቸው ተደግፈው።»

«አልሀምዱሊላህ» አለ ጠሃ። ኮፍያውን አነሣ፤ ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ቆመ። ማሽኑ ፊት አንድ ባጃጅ ደርሶ ነበር።

«ቅረብ» አለው።